ስለ መንደር ምክርና ስለ ጉድጓድ ውሃ

በአዊ ብሔረሰብ ዞን በዳንግላ ወረዳ የሚኖር ገበሬ ዝናብ አነሰኝ ብሎ የሚያማርርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በዓመት በመካከለኛ ግምት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ይወርድለታልና። ነገር ግን ከዚህ ዝናብ ከዐሥር እጁ ዘጠኙ ያህል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ወርዶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለሰውም ለከብትም ለጓሮ አትክልትም ተስፋው በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ በገባ ጊዜ የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ይሸሻል፤ አንዳንዱም ፈጽሞ ይደርቃል። ይህንንም ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው ገመዱን የምትስበው የቤት እመቤት ናት።

እንግዲህ አንድ መንደር በበጋ አትክልት እናልማ ብሎ ሲመክር ስንት ጉድጓድ ይቆፈር፣ ስንት መሬትስ ይጠጣ የሚለውን ማን ይወስነው? ባለሙያ ብቻውን ቢወስነው፣ የላይኛው ጎረቤት የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር የታችኛዋ እንስራ ባዶዋን ትመለሳለች፤ ጠቡም የሚቀረው ለጎረቤታሞች ነው።

በ2006 ዓ.ም. በዚያው ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ አንድ መልካም ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከእንግሊዝ አገር ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ልክ ነዋሪዎቹ ራሳቸው እንዲወስዱ አደረጉ፤ መለኪያዎቹ የሚቆሙበትንም ስፍራ ከእነርሱ ጋር ተመካክረው መረጡ። ዝናቡ በየቀኑ፣ ወንዙ ጧትና ማታ፣ ጉድጓዶቹም በየሁለት ቀኑ ይለኩ ጀመር። ገበሬ የጻፈው ቁጥር ይታመናልን? የሚል አይጠፋም። በ2008 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ይህንኑ መርምሮ፣ የነዋሪዎቹ ልክ የሚታመንና በሳተላይት ከሚገመተው ዝናብም የሚሻል መሆኑን ገለጠ። እኛን ግን ከቁጥሩ ትክክለኛነት ይልቅ ያስደሰተን ሌላ ነው፤ ይኸውም በገዛ እጁ የለካውን በጉባኤ የሚናገረውን ሰው ባለሙያው እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይቻለውም።

ዳንግላ የውሃ ካርታ ሲነሣ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። ቺዝማን የሚባሉት የእንግሊዝ ቆንሲል፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ተቀምጠው ዓባይንና ጣናን እየዞሩ ካርታ አንሥተዋል፤ በ1936 ም መጽሐፍ አሳትመዋል። የመንግሥታቸው ዓይን ግን በሱዳን የጥጥ እርሻ ላይ ነበረ እንጂ በዳንግላ ሴቶች እንስራ ላይ አልነበረም።

የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ያወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ፣ ነዋሪው በጠቅላላ ጉባኤ ኮሚቴ እንዲመርጥ፣ ሴቶችም እንዲገቡበት፣ የመንደሩን ካርታ ራሱ እንዲሥል፣ ዕቅዱም ተመልሶ ለጉባኤው እንዲቀርብ ይመክራል። ቃሉ ደግ ነው። ነገር ግን ጉባኤው ሴቶች ውሃ በሚቀዱበት ሰዓት ከተጠራ ስማቸው በኮሚቴ መጻፉ ምን ይረባል? በአዊኛ አፏን የፈታች እናትም ስለ ውሃዋ በአማርኛ ብቻ ተናገሪ ብትባል ከምታውቀው እኩሌታውን ታስቀራለች።

መለኪያ የሚሰጠን እስኪመጣ እንጠብቅ የሚሉ ቤተ ሰቦች ቢኖሩ፣ በቤት ያለው ገመድ ይበቃል። ገመዱን በየክንዱ መቋጠር፣ በጫፉም ጠጠር ማሰር ነው፤ የምንጠጣው ውሃ ነውና ሁለቱም አስቀድመው በሚገባ ይታጠቡ። በጧት ማንም ሳይቀዳ አውርዶ፣ ጠጠሩ ውሃውን እስኪነካ ስንት ቋጠሮ እንደ ወረደ መቁጠር ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ተማሪው ልጅ ቀኑንና ቁጥሩን በደብተሩ ይጻፍ። ጎረቤት በሞተር ውሃ መሳብ የጀመረበትንም ሳምንት አይርሳ። ስለ አዲስ ጉድጓድ ምክር በተጠራ ዕለት እናቱ ደብተሩን ይዛ ትሂድ፤ ማንበብ ባትችል እርሱ ያንብብላት።