ኮምፒውተር የሌለው ማሽን ተራውን እንዴት ያውቃል?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምታዩት አውቶማቲክ ልብስ ማጠቢያ በሆዱ ትንሽ ኮምፒውተር ይዟል። ውሃ መቼ እንደሚገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚያጥብ፣ መቼ እንደሚያለቀልቅ፣ መቼ ውሃውን አስወጥቶ ልብሱን እንደሚያሽከረክር የሚወስነው እሱ ነው። እሺ፣ በ1950ዎቹ የተሠራው ማሽንስ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ያኔ ኮምፒውተር ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነበር። ሆኖም ልብሱን ከታችሁ፣ ቁልፉን አዙራችሁ፣ ትታችሁት ብትሄዱ ማሽኑ ሁሉንም በየተራው ሠርቶ ራሱ ይቆማል። ተራውን ማን ነገረው?

መልሱን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሦስተኛ ዲግሪዬን የምሠራው አሜሪካ፣ በሜካኒካል ምህንድስና ነው። የተከራየሁት ቤት ምድር ቤት ጥግ ላይ አንድ ከላይ የሚከፈት ነጭ ማሽን አቧራ ለብሶ ቆሞ ነበር። አከራዬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ማሽኑን የገዙት እናታቸው እንደሆኑ፣ ሥራ ካቆመም ብዙ ዓመት እንደሆነው ነገሩኝ። "ካስነሳኸው ያንተ ይሁን፤ ብቻ መጀመሪያ ድምፁን አሰማኝ" አሉኝ። ቀላል መሰለኝ። ሞተር፣ ጥርስ፣ ቺንጋ፣ ውሃ፤ ከዚህ ሌላ ምን አለው? ስምንት ወር ፈጀብኝ። እናቴ ስልክ ላይ ስነግራት "አንተ ልጅ፣ እኛ ተማር ብለን ነው የላክንህ፤ የሰው ልብስ ማጠቢያ ልትጠግን ነው እንዴ የሄድከው?" አለችኝ።

ብቻዬን እንዳልሆንኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አሮጌ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ እያደኑ የሚሰበስቡ፣ አድሰው የሚያሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከታወቁት ስብስቦች አንዱን ያቋቋሙት ሊ ማክስዌል ናቸው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ኢተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1000 በላይ ማሽኖች ሰብስበዋል። ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር! ይህን ለእናቴ ነግሬያታለሁ።

ሰዎቹን የሚስባቸው ምንድን ነው? የእያንዳንዱ ሰው ምክንያት ይለያያል። እኔን የሳበኝ ግን በዚያ ዘመን ለአንድ ጥያቄ ብዙ መልስ መኖሩ ነው። ልብስን ውሃ ውስጥ እንዴት ታንቀሳቅሳለህ? ሜይታግ የተባለው የአዮዋ ኩባንያ በ1922 ባወጣው ማሽን ክንፍ ያለው ማማሰያ በርሜሉ ታች ላይ ተተከለ። እሱ ወዲህና ወዲያ ሲል ልብሱን ከመጎተት ይልቅ ውሃውን በልብሱ መሃል ይገፋዋል። የጄኔራል ሞተርስ ፍሪጅዴር ደግሞ ማማሰያውን ላይና ታች አስዘለለው። በ1937 የወጣው የቤንዲክስ አውቶማቲክ ማማሰያ የሚባል ነገር የለውም፤ ከፊት ይከፈታል፣ በርሜሉ በጎኑ ተኝቶ ይዞራል፣ ልብሱ ወጥቶ ይወድቃል። ብቻ መወዛወዙን የሚያበርድለት ስፕሪንግ ስላልነበረው ወለሉ ላይ በብሎን መታሰር ነበረበት። እስቲ አስቡት፣ ልብስ ለማጠብ ሲሚንቶ መብሳት!

ወደ እኔው ማሽን እንመለስ። የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ማሽኑን እንደደረስኩበት ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። ሞተሩ "እምምም" ብሎ አልዞር አለ። ጎኑን በእጄ ደገፍ ሳደርገው ነዘረኝ። ምህንድስና የተማርኩ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ! የሆነው ይህ ነው፦ የሽቦው ልባስ በእርጅና ተሰነጣጥቆ አንዱ ሽቦ የማሽኑን ላሜራ ነክቶ ነበር። የዚያ ዘመን ብዙ ማሽን መሰኪያው ሁለት እግር ብቻ ነው፤ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሦስተኛ ሽቦ የለውም። ስለዚህ መሬት የሚደርሰው በሰው በኩል ነው። አሮጌ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ሽቦው አንድ በአንድ ይታያል፣ በቴስተር ይለካል። ያን ቀን ጫማ ማድረጌ በጀኝ።

ሞተሩ አልዞር ያለው ግን ተቃጥሎ አልነበረም። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው የድሮ ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ነበር። ፈትቼ፣ በማሟሟያ አጥቤ፣ አዲስ ዘይት አጠጣሁት፤ በጣቴ ስነካው ዞረ። አዳሾች ሁሉ የሚነግሯችሁ ነገር ነው፦ ብረት ይጠብቃችኋል፤ የሚከዳችሁ ጎማ ነው። የጎማ ሞለኪውሎች ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። የተጠቀለሉት ሰንሰለቶች ሲሳቡ ስለሚዘረጉ ጎማ ይለጠጣል። ኦክስጅን በዓመታት ውስጥ ሰንሰለቶቹን ከልክ በላይ እርስ በርስ ሲያስራቸው ግን መዘርጋት ይቀራል፤ ጎማው እንደ ቀንድ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የእኔ ማሽን ቺንጋ ስነካው ተሰበረ። ከበርሜሉ ሥር ውሃው ወደ ጥርሶቹ ዘይት እንዳይወርድ የሚከለክለው የጎማ ቀለበትም እንዲሁ። ቺንጋ በቀላሉ ይገኛል። ያንን ቀለበት ግን የሚሠራው የለም፤ ከሌላ የሞተ ማሽን የተረፈ አንድ ሰብሳቢ እስኪልክልኝ ሦስት ወር ጠበቅኩ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ ውሃ ወሰደ፣ አጠበ፣ አስወጣ። ማሽከርከር ላይ ሲደርስ ግን ዝም። ቁልፉን የያዘውን ሳጥን በካቻቢቴ ፈታሁት፤ ፕሮግራሙ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። በዓይን የሚታይ ፕሮግራም!

ከቁልፉ ጀርባ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ሲሊንደር አለ። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተደርድረው የተቀረጹ ጉብታና ጎድጓዳ መስመሮች አሉት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ቀጭን የመዳብ ምላስ አርፏል። ሲሊንደሩ ሲዞር ጉብታው ምላሱን ያነሳውና ከሌላ መዳብ ጋር ያገናኘዋል፤ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ጎድጓዳው ሲመጣ ምላሱ ይወርዳል፤ ይቋረጣል። የመኪና ካምሻፍት ያያችሁ ካላችሁ ያው ነው። አንዱ መስመር የውሃውን በር ያዛል፣ አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ ውሃ ማስወጫውን። ሲሊንደሩን በሐሳባችሁ እንደ ወረቀት ዘርግታችሁ አንጥፉት። ሠንጠረዥ ይሆናል፦ በአንድ በኩል ደቂቃዎች፣ በሌላ በኩል ሥራዎች፣ በየሳጥኑ "አዎ" ወይም "አይ"። ኮምፒውተር አንድና ዜሮ የሚለውን ይህ ማሽን በጉብታና በጎድጓዳ ይለዋል።

ሲሊንደሩን የሚያዞረው ደግሞ የክብሪት ሳጥን የምታህል የራሱ ሞተር ነው። ቀስ ብሎ ስፕሪንግ ያጠራቅማል፣ ከዚያ "ቀጭ" ብሎ አንድ እርምጃ ይለቀዋል። በእኔ ማሽን በየደቂቃው ገደማ አንድ ቀጭታ ይሰማል። አከራዬ ድምፁን አሰማኝ ያሉት ይህንን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ጥፋቱን በቴስተር መስመር በመስመር ፈለግኩት። የማሽከርከሪያው ምላስ ጫፉ ጥቁር ሆኗል። ኤሌክትሪኩ በተቋረጠ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ ይዘላል፤ ያ ብልጭታ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም መዳቡን አቃጥሎታል። በቀጭን ሞረድ አሸት አሸት አደረግኩት፣ አለቀ። በአዲስ ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ቢበላሽ ምን አደርግ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ አውጥቼ ጥዬ ሌላ እገዛለሁ፤ ሌላ ከተገኘ። አዲሱ ማሽን ውሃና መብራት በመቆጠብ በብዙ ይበልጣል፤ አልክድም። የአሮጌው ጥቅም ሲበላሽ የት እንደታመመ ማሳየቱ ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ሐሳቧን ቀየረች። "ከተነሳማ ለእኔ ላክልኛ!" አለችኝ። ልልክላት አልችልም፤ ምክንያቱ ደግሞ የመርከብ ዋጋ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ይህንን ትራንስፎርመር ይፈታዋል። ግን ሌላም ልዩነት አለ፦ አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 50 ጊዜ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህንን አይቀይርም። ትንሿ የሰዓት ሞተር ጊዜ የምትቆጥረው በዚህ ምልልስ ነው፤ የምታውቀው "60 ሲሞላ አንድ ሰከንድ" ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ 60 እስኪሞላ 1.2 ሰከንድ ያልፋል። ስለዚህ የ30 ደቂቃው እጥበት 36 ደቂቃ ይሆናል። እሱስ ባልከፋ፤ ዋናው ሞተርም በዚያው ልክ ይዘገያል። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚያሽከረክረው 500 ላይ ይቀራል። ልብሱን ወደ ዳር የሚገፋው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚለካ ከሲሶው ወደ ሚጠጋ ይቀንሳል፤ ልብሱ እርጥብ ይወጣል። ቮልቱም በዚያው መጠን ካልተቀነሰለት ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

እናንተ ቤት ሁለት ጎድጓዳ ያለው፣ በአንዱ ታጥቦ በሌላው የሚጨመቅበት ማሽን ካለ፣ የእሱ ሰዓት ሌላ ዓይነት ነው። ስታዞሩት የምታጠብቁት ስፕሪንግ ነው፤ እሱ ሲፈታ ነው የሚቆጥረው። መብራት ቢጠፋ እንኳ መቁጠሩን ይቀጥላል። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ስሙት።

ማሽከርከር ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? ውሃን ከልብስ ለማውጣት ሁለት መንገድ ስላለ ነው፦ መግፋት ወይም ማትነን። ርቀቱ ከመሃል 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ በርሜል በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር፣ ዳሩ ላይ ያለው ልብስ ከክብደቱ 100 እጥፍ ገደማ በሆነ ኃይል ይጫናል። 500 ዋት ለአምስት ደቂቃ ብትጠቀሙ 0.04 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሙቀት ለማትነን ግን አንዱ ሊትር ብቻ ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ሦስት ሊትር ሁለት ኪሎዋት ሰዓት። ሃምሳ እጥፍ! ስለዚህ ማድረቂያ ማሽን የሚመጣው መግፋት የሚቻለው ሁሉ ከተገፋ በኋላ ነው። ፀሐይ ባለበት አገር ጭራሽ አያስፈልግም፤ ገመድ ይበቃል። የልብስ ማድረቂያን ለገበያ ካበቁት አንዱ ጄ. ሮስ ሙር ግን የሰሜን ዳኮታ ሰው ነበር። እዚያ ክረምት ላይ ውጭ የተሰጣ ልብስ አይደርቅም፤ እንደ ጣውላ ይገተራል። ሙር ጎጆ ውስጥ ምድጃና የሚዞር በርሜል አድርጎ ሞከረ፤ ሐምልተን የተባለ የዊስኮንሲን ኩባንያ በ1938 ለገበያ አወጣው።

አሮጌውን ሁሉ እንደነበረ መመለስ አለብን ማለት ግን አይደለም። ከአውቶማቲኩ በፊት ውሃ የሚጨመቀው በሁለት የጎማ ጥቅልሎች መሃል ልብሱን በማሳለፍ ነበር። ሜይታግ ይህን ዓይነት እስከ 1983 ድረስ ሠርቷል። ጥቅልሎቹ ልብስና ጣት አይለዩም። እጃቸው እስከ ክርናቸው የገባባቸው ሴቶችና ልጆች ከመብዛታቸው የተነሳ ሐኪሞች ለጉዳቱ "የመጭመቂያ ክንድ" የሚል ስም አወጡለት። ሰብሳቢዎች እነዚህንም ያድሳሉ፤ መልቀቂያው የማይሠራውን ግን ማስነሳት ልክ አይመስለኝም። አንዳንድ የድሮ ማድረቂያ ደግሞ አስቤስቶስ አለበት፤ ሲፋቅ የሚበነው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ከ1979 በፊት በተሠሩ ካፓሲተሮች ውስጥም መርዛማ ዘይት ሊኖር ይችላል። እነዚህ በእጅ አይነኩም።

እኔ ሦስተኛውን የመሬት ሽቦ ጨመርኩ። አንድ ሰብሳቢ ፎቶውን አይቶ "አበላሸኸው፤ እንዲህ አልነበረም" አለኝ። ልክ ነው፣ አልነበረም። የማያሳየውን ሽቦ ከጀርባ አሳልፌዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሲነዝረው ከማይ የእሱን ቅሬታ እመርጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አከራዬን ጠርቼ ሁለት ፎጣና አንድ አንሶላ ከተትኩበት። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ቀጭ። ቀጭ። ምንም አላሉም። ማሽከርከሩ ላይ ልብሱ ወደ አንድ ጎን አድልቶ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ከእኔ ቀድመው ተነሱና ሁለት እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጫን አደረጉ። እናታቸው እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ፎጣዎቹ ጥሩ ተጨምቀው ወጡ። ከሥሩ ግን ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ያ ሦስት ወር የጠበቅኩት ቀለበት በደንብ አልተቀመጠም። ለጊዜው ሳፋ አስቀምጬለታለሁ።