ምዕራፍ 4፦ ጃንደረባው የጠየቀው ጥያቄ

ወር በገባ በ24 ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ከቅዳሴ በኋላ ያለውን ያውቀዋል። ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ በሩ ይጎርፋል፤ ጥቂቶች ግን ቅጥሩ ሥር ቆመው የሰሙትን ስብከት ያወጡታል ያወርዱታል። አንድ ቀን አንድ ወጣት፣ «አባባ፣ ነቢያት አስቀድመው የተናገሩት ተፈጽሟል። መጽሐፉ የእግዚአብሔር ቃል ለመሆኑ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ሲል ሰማሁ። መቋሚያ የተደገፉት አዛውንት ቆየት ብለው፣ «ልጄ፣ ጃንደረባው እኮ ትንቢቱን በእጁ ይዞት ነበር፤ ግን አልገባውም» አሉት።

ወደ ነገሩ ለመግባት ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም።

ታሪኩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ነው። የንግሥት ህንደኬ ሹም የነበረው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብባል። (የታሪክ ሰዎች የህንደኬን አገር በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው መርዌ ናት ይላሉ፤ እኛ ግን ጃንደረባውን ከቤታችን ሰው ለይተን አናየውም።) ያነብብ የነበረው ምዕራፍ 53ን፣ በሌሎች በደል የሚሠቃየውን አገልጋይ ታሪክ ነው። ፊልጶስ ሲደርስበት፣ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ጠየቀው። የትንቢት ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ተጠራጣሪው በመጀመሪያ የሚያነሣው ሌላ ነው፦ ነገሩ ከሆነ በኋላ ቢጻፍስ? ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ፈላስፋው ጶርፊርዮስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፈ ዳንኤልን እንዲሁ ብሎ ተቃውሞታል፤ የዛሬ ብዙ ምሁራንም በዳንኤል ላይ ሐሳቡን ይጋሩታል። ኢሳይያስ 53 ላይ ግን አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻ ውስጥ የኢሳይያስ ጥቅልል ተገኘ። 17 ቁራጭ ቆዳ ዳርና ዳሩ እየተሰፋ የተቀጠለ፣ ሲዘረጋ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲሰፋ ያየ ሰው የዚያን ጸሐፊ ድካም ይገምተዋል። ጥቅልሉ የተገለበጠው ከክርስቶስ ልደት 100 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ እንደሆነ ይታመናል። ምዕራፍ 53ም አለበት።

ታዲያ ክርክሩ አለቀ? አላለቀም። እኛ አገልጋዩ ክርስቶስ ነው ስንል የአይሁድ መምህራን የእስራኤል ሕዝብ ነው ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ከዚያው መጽሐፍ ነው፤ ምዕራፍ 49 አገልጋዩን እስራኤል ብሎ ይጠራዋልና። ሌሎች ደግሞ ወንጌላውያን ኢሳይያስን እያነበቡ ያደጉ ናቸው፤ የኢየሱስን ሕማም የተረኩትም በእሱ ዓይን ነው ይላሉ። መገደሉን ግን ክርስቲያን ያልሆነው ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስም መዝግቦታል። የቁምራኑ ጥቅልል የጽሑፉን ዕድሜ ይመሰክራል፤ ስለ ማን እንደተጻፈ ግን አይናገርም።

የእኛ የትርጓሜ ሊቃውንት ይህን ከጥንት ያውቁታል። አንዱን ቃል ፈትተው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ። በትርጓሜ ቤት ዓመታት የቆየ ሰው አንድ ጥቅስ መዝዞ ተከራካሪውን አፍ ለማስያዝ አይቸኩልም።

ዮናስን ደግሞ እንይ። ነነዌ ትጠፋለች አለ፤ አልጠፋችም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ቃሉ ያልደረሰለትን ነቢይ ሐሰተኛ ይለዋል። ትንቢት መሟላቱ ብቻ ሚዛን ቢሆን ዮናስ በወደቀ ነበር። ሕዝቡ ግን ንስሐ ገባ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ያን ያልደረሰ ጥፋት እያሰበች በየዓመቱ ሦስት ቀን ትጾማለች።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የምለው፦ የተፈጸመ ትንቢት ያመነን ሰው ያጸናል፤ ያላመነን ግን ብቻውን አስገድዶ አያሳምንም። ፍጻሜውን የሚያየው ፍቺውን የተቀበለ ሰው ነውና። ይህን ማመን እምነትን ያቀልላል ብዬ አልፈራም። ጃንደረባው ፊልጶስን ሲሰማ ቆይቶ መንገድ ዳር ውኃ ባየ ጊዜ ማስረጃ ጨምርልኝ አላለውም፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ አለ ወይ ብሎ ሠረገላውን አስቆመ።