‹‹ይበሰብሳል›› የተባለ ፌስታል ካንጋተን ላይ

ተጠግኖ ተጠግኖ አልይዝ ያለ የወተት ቅል ኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው ካንጋተን ላይ ቢጣል የሚያስጨንቀው ሰው የለም። ምስጥ ይበላዋል፤ የተረፈው አፈር ይሆናል። ፌስታል ግን ከጣለው ሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። አሁን ደግሞ መልኩ የፌስታል፣ ጠባዩ የቅል ነው የሚባል ሦስተኛ ዕቃ መጥቷል።

ከዚህ ወገን በብዛት የሚመረተው ፖሊላክቲክ አሲድ ነው። ስሙ እንግዳ ቢመስልም ከብት አርቢ በጣዕሙ ያውቀዋል፤ ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ነው። ባክቴሪያዎች የበቆሎ ወይም የሸንኮራ ስኳር በልተው አሲዱን ያወጣሉ፤ ፋብሪካው ቅንጣቶቹን እንደ ጨሌ ይሰካካቸዋል። ክሩ ካልተበጠሰ ተሕዋስያን አይበሉትም። ክሩን የሚበጥሰው ውኃ ነው፤ ውኃውም ሥራውን የሚያፋጥነው ፕላስቲኩ ወደ 60 ዲግሪ ሞቆ ሲላላ ነው። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 13432 በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ሲጠይቅ፣ የሚያስበው 58 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅና እርጥበቱ የተጠበቀ የብስባሽ ማምረቻ ነው።

ካንጋተን ላይ እንዲህ ያለ ማምረቻ የለም። ፀሐይ የጠበሰው መሬት ሙቀት አለው፣ እርጥበት የለውም። ኦሞ ውኃ አለው፣ 60 ዲግሪ የለውም። ላም ብትውጠውም ሆዷ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ወንዙ የወሰደው ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ መውጫ የለውም።

ፒኤችኤ የተባለው ዓይነት ይሻላል። ባክቴሪያዎች ራሳቸው እንደ ስብ የሚያከማቹት ስለሆነ በአፈርም በውኃም የሚበላው አያጣም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። የከፋው ‹‹ኦክሶ›› የሚባለው ነው፦ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንዲፈረካከስ ቅመም የተጨመረበት። መፈረካከስ መበስበስ አይደለም፤ ቆሻሻውን ለመልቀም እንዳይመች ማድረግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ አስወጥቶታል።

የእንግሊዙ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ‹‹ይበሰብሳል›› ተብሎ የተጻፈበት ከረጢት 3 ዓመት አፈር ውስጥና ባሕር ውስጥ ከርሞ አሁንም አስቤዛ ይሸከም ነበር። ለብስባሽ የተሠራው ሌላ ከረጢት ባሕር ውስጥ በ3 ወር ጠፋ፤ አፈር ውስጥ ግን ከ27 ወር በኋላም አለ። ያው ከረጢት ነው፤ የተለየው ቦታው ነው።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 513/1999 ፌስታል የሚበሰብስ ወይም የማይበሰብስ መሆኑ እንዲጻፍበት ያዝ ነበር። ጥሩ ጅምር ነበር፤ የት እንደሚበሰብስ ግን አይጠይቅም ነበር።

ከጂንካ ዕቃ ጭናችሁ ወደ ካንጋተን የምትወርዱ ነጋዴዎች፣ ‹‹ይበሰብሳል›› የሚል ከረጢት ሲሸጥላችሁ ‹‹የት? በስንት ዲግሪ?›› በሉ። ሻጩ መልስ ካጣ እንደ ተራ ፌስታል ቁጠሩት፤ ሰብስባችሁም ከከብቱና ከወንዙ አርቁት።