የባብ ኤል መንደብ ዘበኞች

ባብ ኤል መንደብ ከጅቡቲና ከኤርትራ ማዶ የመን የምትታይበት የ30 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር በር ነው። ከስዊዝ ወጥቶ ወደ እስያ የሚሄድ መርከብ ሁሉ በዚህ ያልፋል። የየመን ሁቲዎች በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የንግድ መርከቦችን መምታት ሲጀምሩ አሜሪካ የጥበቃ ጥምረት አቋቋመች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በማግስቱ ዓመት «አስፒዴስ» በተባለው ዘመቻው የአባል አገራቱን የጦር መርከቦች ላከ።

ከጠባቂዎቹ ዋነኛዋ አርሌይ በርክ የሚባለው ዓይነት የአሜሪካ ዲስትሮየር (የጦር መርከብ) ናት። ከወለሏ በታች፣ ከፊትም ከኋላም፣ ቀጥ ብለው የተተከሉ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚሳኤል ጉድጓዶች አሏት። ክዳኑ ብድግ ይላል፣ እሳት ይተፋል፣ ሚሳኤሉ ይወነጨፋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባዶውን ጉድጓድ ለመሙላት ሚሳኤሉ ከነማሸጊያው በክሬን ተንጠልጥሎ፣ ዝንፍ ሳይል ወደ ጠባቡ ቀዳዳ መውረድ አለበት፤ መርከቧን ማዕበል እያወዛወዛት ይህን ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጥይቷ የሳሳባት መርከብ ቦታዋን ለቃ ወደብ ትገባለች። በእኔ ግምት ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ወጪ ይሄ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ቀላል አይደለም። አንድ ኤስኤም-2 ሚሳኤል 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል፤ የሚያወርደው ድሮን ብዙ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚገመት ነው። ይህን ንጽጽር የሚወዱ ግን ከድሮኑ ወዲያ ያለውን መርከብ፣ ጭነቱንና ባሕርተኞቹን ከሒሳቡ ያወጧቸዋል። ጠባቂውም ራሱ ዒላማ ነው፤ በጃንዋሪ 2024 ግሬቭሊ ወደተባለችው ዲስትሮየር የተተኮሰ ሚሳኤል የወደቀው አንድ ማይል ያህል ሲቀረው፣ በመጨረሻው መከላከያ፣ በባለ ስድስት አፈ ሙዙ መድፍ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ንግዱን መለሰው ወይ? አልመለሰውም። ትልልቆቹ የኮንቴይነር ኩባንያዎች አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ጨምረው በደቡብ አፍሪካ መዞርን መረጡ። ለባሕር ኃይሉ ከአሥር ጥቃት ዘጠኙን ማክሸፍ ድል ነው፤ ባለመርከቡና መድን ሰጪው የሚያዩት ግን ያመለጠችውን አንዷን ነው። በማርች 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ ከ21 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደጫነች ሰጠመች። በዚያው ሳምንት ትሩ ኮንፊደንስ በተባለች ሌላ መርከብ ላይ በደረሰ ጥቃት 3 ባሕርተኞች ሞቱ፤ የተረፉትን የሕንድ ባሕር ኃይል አንስቶ ጅቡቲ አደረሳቸው። ጅቡቲ የእኛም በር ናት፤ ከአውሮፓ የሚመጣልን ዕቃ በዚሁ ጠባብ መንገድ ያልፋል።

ጥበቃው የሚጠቅመው አማራጭ ለሌለው መርከብ ነው፤ አጠገቡ እስካለ ድረስ። በሜይ 2025 አሜሪካና ሁቲዎች በኦማን አደራዳሪነት ተኩስ አቆሙ፤ ስምምነቱ ግን የአሜሪካ ያልሆነውን የንግድ መርከብ አልሸፈነም። በጁላይ ማጂክ ሲስ እና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉት የጭነት መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመትተው ሰጠሙ። ሁለቱም አጃቢ አልነበራቸውም።