ወጪ መጋራት፦ በእጅ ሳይቆጠር የሚወሰድ ብድር

በዲላ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ አዲስ ተማሪ ከሚሞላቸው ቅጾች አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። ብዙዎች ሳያነቡት ይፈርሙበታል። ለመሆኑ የሚፈርሙት ምንድን ነው?

በ1996 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሥርዓት ሲጀመር ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ደነገገ። ክፍያው ግን ከምረቃ በኋላ ነው። ተማሪው ድጋፉን የሚያገኘው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በማዕድ፣ በአልጋና በትምህርት ነው። ገቢው የቡናን ወቅት ጠብቆ ለሚመጣ የጌዴኦ ቤተሰብ ይህ ታላቅ እፎይታ ነው።

ይሁን እንጂ ዕዳው በየዓመቱ ይደመራል። አከፋፈሉም፣ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደጀመረችው ሥርዓት፣ ከተመራቂው ገቢ ጋር የተያያዘ ነው። ለምሳሌ ያህል ዕዳው 24,000 ብር፣ የወር ደመወዙ 5,000 ብር ቢሆንና ከደመወዙ 10 በመቶ ቢቀነስ፣ በየወሩ 500 ብር እየከፈለ በ48 ወራት ያጠናቅቃል።

ዋናውን ዲግሪ ለመረከብ የዕዳው ማጠናቀቂያ ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ተማሪው ውሉን አንብቦ ይፈርም፤ ቅጂውን ያስቀምጥ፤ በየዓመቱ በስሙ የተመዘገበውን መጠንም ያረጋግጥ።