ዕቁብ በልቶ የማይጠረቃ ኮምፒውተር

ጌም የሚወዱ ወጣቶች ሁለት ዓይነት ናቸው ይባላል፤ ኮምፒውተራቸው የሚበቃቸውና የማይበቃቸው። የመጀመሪያዎቹን እኔ እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም!

የሁሉም እሮሮ አንድ ነው። «ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ፍሬሙ ይወርዳል፣ ጓደኞቼ ሳቁብኝ...» ቀጥሎ የሚመጣውም ያው የታወቀው ነው። «በቃ፣ ይህን ሸጬ ሙሉውን አዲስ ልግዛ!» ቆይ እስቲ! አንድ ጥርሱን ያመመው ሰው ሁሉንም ያስነቅላል እንዴ?

በቅርቡ አንድ የሠፈራችን ልጅ ይህንኑ ይዞ መጣ። ከእህቱ ጋር በጋራ የሚጥሉት ዕቁብ ወጥቶላቸዋል። ግማሹ የእሱ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለእህቱ የማታ ትምህርት ክፍያ የታሰበ። ምዝገባው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። ልጁ ግን የእህቱንም ድርሻ ጨምሮ አዲስ ኮምፒውተር ሊያስገጣጥም ቆርጧል። «ጋሼ፣ በሁለት ወር ውስጥ እመልስላታለሁ» አለኝ። «ከየት አምጥተህ?» ስለው ዝም!

ተቆጥቼ መመለስ እችል ነበር። ግን በቁጣ የተመለሰ ጌመር የለም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁትና «መጀመሪያ ያለህን ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ባለ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ፣ ሞኒተር። ስምንት ዕቃ! «ታዲያ ከስምንቱ የታመመው የትኛው ነው?» ብለው አያውቅም። ሱቅ ሄዶ «ሁሉም አርጅቷል» ተብሎ ነው የመጣው።

ውድ አንባብያን፣ በሽታውን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። የሚያስቸግራችሁን ጌም ክፈቱና የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ ሽቅብ ከዘለለ የደከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው፤ አዲስ ካርድ ብትገዙለት ገንዘባችሁን ውኃ በላው። የልጁን ስንሞክረው ፍሬሙ ወዲያው ወጣ። እንግዲህ ካርዱ ተያዘ ማለት ነው!

ሱቁ የመከረው ግን አዲስ ፕሮሰሰር ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አዲሶቹ የኤኤም5 ማዘርቦርዶች የሚቀበሉት ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። የዲዲአር4 ራም መሰኪያው ቦታ ስለማይገጥም በጉልበትም አይገባም። ስለዚህ አንድ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱን ይጎትታል፣ ማዘርቦርዱ ራሙን ይጎትታል፣ ራሙ የእህትን የትምህርት ክፍያ ይጎትታል! የልጁ ማዘርቦርድ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ራይዘን 5 5600 መቀበል ይችላል። ባዮሱን ማደስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ያ ደግሞ ለሌላ ዕቁብ ይቆይ።

ባዮስ ስታድሱ ግን አደራ! አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል በፊት አድሱት፤ አዲሱን ከሰካችሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። በዩፒኤስ ካልሆነም አትጀምሩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ ማለት ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ። ከአሮጌ ዕቃ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታየው እሱ ነው። ልጁ የመረጠው አርኤክስ 6600 ካርድ 132 ዋት ይወስዳል፣ አምራቹም 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል ይላል። የድሮው 1060 ደግሞ 120 ዋት ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ መሰኪያው ግን ይለያል። የድሮው ባለ 6 ፒን፣ አዲሱ ባለ 8 ፒን ነው። እኛ ከፍተን ስናይ ባለ 8 ፒኑ ገመድ አለ፤ ተመስገን አልን። የእናንተ ፓወር ሰፕላይ ስም የለሽ ርካሽ ዕቃ ከሆነ፣ ወይም ሽታና ጩኸት ካለው፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ፤ ቀይሩት። ስትቀይሩም የድሮውን ገመዶች ከአዲሱ ጋር አትሰኩ። ጫፋቸው ቢመሳሰልም የውስጥ አሰላለፋቸው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ዕቃ ያቃጥላሉ።

ቀሪውስ? ኬዙ ይቆያል። ሞኒተሩ ይቆያል፤ ግን ባለ 60 ኸርዝ ከሆነ በሴኮንድ ከ60 ፍሬም በላይ እንደማያሳያችሁ ዕወቁ። ሃርድ ዲስኩ ለፊልምና ለፎቶ ይቆይ፤ ዊንዶውሱና ጌሙ ግን ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ይጫኑ። ፍሬም ብዙም አይጨምርም፣ የመጠበቁን ጣጣ ግን ይገላግላል። ራም ስትገዙ አንድ ባለ 16 ከመሆን ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ይፈጥናሉ።

የቢሮ ብራንድ ዴስክቶፕ የገዛችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ለራሳቸው ቅርጽ የተሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ኬዝ አይዛወርም። እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግና 75 ዋት ብቻ የሚወስድ ካርድ ይስማማቸዋል። ግን ቁመቱን ለኩ! ቀጭን ኬዝ ከሆነ አጭሩ ካርድ ብቻ ነው የሚገባው።

ዊንዶውስንም አትርሱ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ከዚያ በታች ያለ ፕሮሰሰር ላይ ውድ ካርድ ከመጫናችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

ያገለገለ ካርድ የምትገዙም፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጌም አስከፍታችሁ እዩት። ሙቀቱን ተመልከቱ፣ ፋኑን ስሙ፣ ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ካለ ተዉት። «ዕቃው አንደኛ ነው፣ መሞከሪያ የለኝም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

ልጁ ካርዱንና ኤስኤስዲውን በራሱ ግማሽ ገዛ። አሮጌውን ካርድም ሸጦ ትንሽ ብር ተረፈው። እህቱ ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ተመዘገበች። ዕቁቡ ለእሱ ታስቦ እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እኔም አልነግራት!

እናንተም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉ። ያላችሁን ዕቃ፣ የታመመውን ዕቃ፣ ከኪሳችሁ የሚወጣውን የመጨረሻ ብር። ሻጩ «ይሄም ይቀየር» ሲላችሁ ወረቀቱን አውጡና «ለምን?» በሉት። ምክንያቱን ካላስረዳችሁ ዕቃው ይቆይ፤ ብሩም ከእናንተ ጋር ይቆይ። ቸር ይግጠመን!