የመገበያያ ኮምፒዩተር፦ ማሻሻል ወይስ ባለበት ማቆየት?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለአብዛኛው ነጋዴ ተራ ማክሰኞ ነበረች። ይሁንና በዚያች ዕለት ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛና ነፃ የደኅንነት ማስተካከያ አቁሟል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው ይህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከዚያ በኋላም ይነሣል፣ ይሠራልም። ልዩነቱ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት በነፃ የሚደፍንለት አለመኖሩ ነው። ባለንብረቱ ኮምፒዩተሩ ስላልቆመ ብቻ ምንም እንዳልተለወጠ ያስባል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ እንዳይሆን ያደረገው ግብይቱ ራሱ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭ በግብይት ወለሉ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየተጫረቱ፣ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ነበር የሚዋዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክስ ግብይት ተሸጋገረ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ የተከፈተውና ወጋገን ባንክን በቀዳሚነት የመዘገበው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ደግሞ ከመነሻው በኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት የቆመ ነው። የደላላው ትእዛዝ፣ የባንክ ዝውውሩና የሒሳብ መዝገቡ በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ የማሽኑ ጤና የካፒታሉ ጤና ይሆናል።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ነው። ፈቃድ ላለው የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚ ሽግግሩ በነፃ ነው፤ ወጪው ያለው ማሽኑ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም በጥቅሉ 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሚፈቀደው። ይህን የማያሟላ ኮምፒዩተር መለወጥ አለበት። ኮምፒዩተር ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ በኋላ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ሁለተኛው አማራጭ የተራዘመ የደኅንነት ማስተካከያ መግዛት ነው። ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቀው አገልግሎት 30 ዶላር የተተመነ ሲሆን፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ በነፃ የሚገኝበት መንገድም ተዘጋጅቶለታል። ለድርጅቶች ግን የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከሦስት ዓመት በላይም አይሄድም። 61፣ 122 እና 244 ሲደመሩ 427 ዶላር ነው። አሮጌ ማሽን ለማቆየት ይህን ያህል የሚያወጣ ድርጅት ገንዘቡን ለአዲስ ማሽን መግዣ ቢያደርገው አይሻልም ወይ ብሎ ማስላት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ምንም አለማድረግ ነው። ዛሬ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ዕዳው ግን ሳይታይ ይጠራቀማል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺሕ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ቤዛ ጠይቋል። ቫይረሱ የገባበት ቀዳዳ ማስተካከያ የወጣለት ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የተጎዱት ማስተካከያውን ያልጫኑና ማስተካከያ የማይደርሳቸው ነበሩ። ፈቃድ በሌለው ቅጂ የሚሠራ ነጋዴም ከእነዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ ሲባል ግን አዲስ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አገበያይ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ሲጭን ከስምንት ሰርቨሮቹ አንዱን ሳያዳርስ ገበያው ተከፈተ። በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የላከው ስሕተት ያለበት ማስተካከያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን አቁሞ ባንኮችንና አየር መንገዶችን አስተጓጉሏል። ናይት ካፒታልን የጣለው ሳይፈትሹ በሥራ ቀን መሸጋገር ነው።

ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚሠራ ስሌቱ ይለያል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ የእህል ነጋዴ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይረሳም። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ብቻውን ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት፣ መብራቱም በመሐል በሚሄድበት ቦታ ሽግግሩን በሞባይል ዳታ መሞከር ገንዘብም ማሽንም ያስበላል። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሲወርድ መጫኛውን በፍላሽ ይዞ መመለስ፣ ሥራውንም ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ መጀመር ይሻለዋል።

የአገሩ ሰው ፈተናን ያውቃል። የድጓ ደቀ መዝሙር በጋይንት ቤተ ልሔም ሳይመሰከር ወንበር ዘርግቶ ላስተምር አይልም። ኮምፒዩተርም ገንዘብ ሳይነካ መመስከር አለበት። በመጀመሪያ ሰነዱ ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ግልባጩም ተከፍቶ ይታይ። ቀጥሎ ዋናው ሳይነካ ሁለተኛ ማሽን ይሻሻልና የባንኩ ገጽ፣ የድሮው ፒችትሪና ፕሪንተሩ አንድ በአንድ ይሞከሩ። በመጨረሻ ዋናው ገበያ በሌለበት ዕለት፣ ቢቻል ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይሸጋገር። ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወር መዝጊያና የግብር ማሳወቂያ ሰሞን መምረጥ አያዋጣም።

እንግዲህ ውሳኔው በማሽኑ ሥራ ይለያል። ባንክና ገበያ የሚገናኝበት ኮምፒዩተር ማስተካከያ ሳይኖረው መቀጠል የለበትም፤ ወይ ይሻሻል፣ ወይ የተራዘመው አገልግሎት ይገዛለት፣ ወይ ሥራው ወደ ሌላ ማሽን ይዛወር። ደብዳቤ ለመጻፍና ደረሰኝ ለማተም ብቻ የሚያገለግለው ግን ከኢንተርኔት ተለይቶ ዕድሜውን ቢጨርስ ጉዳት የለውም። አቅም ያነሰው ነጋዴ ሁሉንም ማሽን በአንዴ ለመለወጥ ከመጨነቅ ገንዘብ የሚያልፍበትን አንዱን ለይቶ በእርሱ ቢጀምር ወጪውም ይቀላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ይህ ነው።